ሞተር ሲፈላ፤ ምክንያቱን ከሚፈላበት ጊዜ ስለ መለየት

በዛሬው ዘመን እርሻ በበሬና በሞፈር ብቻ የሚካሄድ አይደለም። ትራክተር ያርሳል፤ ኮምባይነር ያጭዳል፣ ይወቃል፤ የውሃ መሳቢያ ሞተር ከወንዝና ከጉድጓድ እየሳበ አትክልት ያጠጣል፤ የጭነት መኪናም የደረሰውን ፍሬ ወደ ገበያ ያደርሳል። ስለዚህ ሞተር በሥራው ሰዓት የቆመ እንደ ሆነ ጉዳቱ በብረቱ ላይ ብቻ የሚቀር አይደለም። በበጋ የመስኖ ሞተር ጥቂት ቀን ቢቆም ሽንኩርቱ በመደቡ ላይ ይጠወልጋል። በመኸር ኮምባይነር ቢቆም ያልታሰበ ዝናብ የደረሰውን ስንዴ ያበላሸዋል። ቲማቲም የጫነ ካሚዮን በዳገት ላይ ቢቆም ጭነቱ ገበያ ሳያይ ይበሰብሳል።

ሞተርን ከሥራ ከሚያወጡት ነገሮች አንዱ ከመጠን ያለፈ ሙቀት ነው። ሾፌሮች ይህን «ሞተሩ ፈላ» ይሉታል። ብዙ ጊዜ የሚታየው ልማድ፣ ሞተሩ ሲፈላ ውሃ ጨምሮ ሥራን መቀጠል ነው። በማግስቱ ሲፈላም እንደገና ውሃ ይጨመራል። ነገሩ ሲደጋገም ባለቤቱ ይሠጋና ራዲያተሩን ያስለውጣል፤ ሞተሩ ግን መፍላቱን አይተውም። ቀጥሎ ፓምፑ ይለወጣል፤ አሁንም ይፈላል። ብዙ ገንዘብ ከወጣ በኋላ ጉድለቱ የላላ ቺንጋ ወይም ያረጀ የራዲያተር ክዳን ሆኖ ይገኛል። ከዚህም የከፋው፣ በመካከሉ ቴስታታው በሙቀት ተጣሞ የሞተሩ ዕድሜ ያጥራል።

የዚህ ሁሉ ጥፋት መነሻው አንድ ነው፤ ምልክቱን እንደ በሽታው መቁጠር ነው። መፍላት ለሞተር እንደ ትኩሳት ለሰው ነው። አስተዋይ ሐኪም ትኩሳት የያዘው ሰው ሲመጣለት መድኃኒት ከማዘዙ በፊት «ትኩሳቱ መቼ ይነሣል? መቼስ ይተዋል?» ብሎ ይጠይቃል። ሞተርም እንዲሁ ነው። ቆሞ ሲሠራ የሚፈላ ሞተር፣ ዳገት ሲወጣ ብቻ የሚፈላ ሞተር፣ እንደ ተነሣ ወዲያው የሚፈላ ሞተር፣ ውሃው ወዴት እንደሚሄድ ሳይታወቅ የሚጎድል ሞተር፣ እያንዳንዱ የየራሱ ምክንያት አለው። ይህን መለየት ደግሞ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ ሞተሩን ዘወትር የሚያየውን ሰው ማስተዋል ይጠይቃል።

የማቀዝቀዣው አሠራር

በሲሊንደር ውስጥ ነዳጅ ሲቃጠል የጋዙ ሙቀት ለቅጽበት ከ2,000 ዲግሪ ሴንቲግራድ በላይ ይደርሳል። ፒስቶን የሚሠራበት አሉሚኒየም ግን በ660 ዲግሪ ይቀልጣል። ነዳጁ ከሚሰጠው ሙቀት በግምት አንድ ሦስተኛው ወደ ጉልበት ይለወጣል፤ አንድ ሦስተኛው ከጢስ ጋር በጭስ ማውጫው ይወጣል፤ የቀረውን ያህል የሞተሩን አካል ያሞቃል። የማቀዝቀዣው ተግባር ይህን የመጨረሻውን ክፍል ተሸክሞ ወደ አየር መበተን ነው።

ውሃው በሲሊንደሮቹ ዙሪያ በተሠራው ባዶ ቦታና በቴስታታው ውስጥ እየዞረ ሙቀቱን ይቀበላል። ከዚያም በላይኛው የጎማ ቱቦ ወደ ራዲያተር ይገባል፤ በጠባብ ቧንቧዎች እየወረደ ሙቀቱን ለአየር ያስረክባል፤ በታችኛው ቱቦም ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ውሃውን የሚገፋው ፓምፕ ሲሆን፣ በብዙ ሞተሮች ፓምፑን የሚያዞረው ቺንጋ ነው። ከራዲያተሩ በስተኋላ ያለው ማራገቢያ ደግሞ አየሩን በራዲያተሩ ላሜራዎች መካከል ይስባል።

ራዲያተር በብዙ ጠባብ መተላለፊያዎች የሚሠራው ውሃውና አየሩ በሰፊ ገጽ ላይ እንዲገናኙ ነው። ቪልሄልም ማይባሕ እ.ኤ.አ. በ1901 ለወጣው የመርሴዲስ መኪና የሠራው የማር እንጀራ የሚመስል ራዲያተር ከ8,000 በላይ ትንንሽ ቧንቧዎች ነበሩበት። የራዲያተር ጥንካሬው ይህ ጥበት ነው፤ ድካሙም ይኸው ነው። ምክንያቱም ጠባብ መንገድ በውጭ በኩል በአቧራና በገለባ፣ በውስጥ በኩል በዝገትና በኖራ መሰል ቅርፊት በቀላሉ ይደፈናል።

ከዚህ ሌላ ሁለት ትንንሽ ዕቃዎች አሉ። አንደኛው ቴርሞስታት ነው፤ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ወደ ራዲያተር የሚወስደውን መንገድ ይዘጋል፤ ውሃው ሲሞቅ፣ በብዙ ሞተሮች ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ባለው መካከል፣ ይከፍተዋል። ሁለተኛው የራዲያተር ክዳን ነው። ይህ ከዋጋው ማነስ የተነሣ ብዙ ሰው የሚንቀው ዕቃ በደጋ አገር ትልቅ ቦታ ስላለው ለብቻው መናገር ይገባል።

ከፍታና የራዲያተር ክዳን

ውሃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው በባሕር ጠረፍ ነው። ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር የአየር ጫና ስለሚቀንስ፣ በየ300 ሜትሩ ከፍታ የመፍያው ሙቀት 1 ዲግሪ ያህል ይወርዳል። በምጽዋ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ባሉት በአስመራና በአዲስ አበባ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። በአዋሽ ሸለቆ 740 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው በመልካ ወረር ደግሞ በ97ና በ98 ዲግሪ መካከል ይፈላል።

እንግዲህ ቴርሞስታቱ በ82 ወይም በ88 ዲግሪ የሚከፈት ሞተር፣ በደጋ ላይ ክዳኑ ጫና የማይዝ ከሆነ፣ ከመደበኛ ሙቀቱ እስከ መፍያው ያለው ርቀት ጥቂት ዲግሪ ብቻ ይሆናል። ደኅና ክዳን ግን እንፋሎቱን አምቆ የውሃውን ጫና ከፍ ያደርጋል። በብዙ መኪናዎች እንደሚገኘው 0.9 ባር ያህል የሚይዝ ክዳን፣ በአስመራ ከፍታም ቢሆን ውሃው ከ110 ዲግሪ በላይ ሳይደርስ እንዳይፈላ ያደርጋል። ስለዚህ የክዳኑ ጎማ የተሰነጠቀ ወይም ስፕሪንጉ የደከመ እንደ ሆነ፣ ሌላው ዕቃ ሁሉ ደኅና ሳለ መኪናው ይፈላል። በቆላ ሳይፈላ የቆየ መኪና ወደ ደጋ ሲወጣ ውሃ መትፋት ቢጀምር፣ በመጀመሪያ የሚመረመረው ክዳኑ ነው። ሲለወጥም በሞተሩ መጽሐፍ የተጻፈውን የጫና ቁጥር መከተል ያሻል። ከዚያ በላይ የሚይዝ ክዳን ቱቦዎችንና ራዲያተሩን ሊያፈነዳ ይችላል።

ከምጽዋ ወደ አስመራ የሚወጣው መንገድ ለዚህ ሁሉ ጥሩ ማስረጃ ነው። 115 ኪሎሜትር ገደማ በሆነው በዚህ መንገድ፣ በጊንዳዕና በነፋሲት በኩል አድርጎ፣ ካሚዮን ከባሕር ጠረፍ ከ2,300 ሜትር በላይ ይወጣል። ጉዞው በጠረፉ ሙቀት ይጀምራል፤ ዳገቱ ሲበረታ ሞተሩ በዝቅተኛ ማርሽ ብዙ ነዳጅ እያቃጠለ ይሠራል፤ የመኪናው ፍጥነት ስለሚቀንስ የመንገዱ ነፋስ ይጠፋል፤ ወደ ላይ ሲደረስ ደግሞ አየሩ ይሳሳል፤ የሳሳ አየርም ሙቀት የመሸከም አቅሙ ያነሰ ነው። በዚያ ዳገት ላይ በኤን ትሬ ስም የታወቀው የፊያት 682 ካሚዮንም ሆነ የዛሬው ዘመን መኪና የሚፈተነው በአንድ ዓይነት ሕግ ነው። ጠረፍ ላይ ተሰውሮ የቆየ ትንሽ ጉድለት ዳገቱ ላይ ይገለጣል።

የሚፈላበት ጊዜ ምክንያቱን ያመለክታል

አንደኛ፤ ሞተሩ በሚኒሞ ወይም በዝግታ ሲሠራ የሚፈላ፣ በሜዳ መንገድ በፍጥነት ሲሄድ ግን የሚበርድ እንደ ሆነ፣ ጉድለቱ አብዛኛውን ጊዜ በአየሩ በኩል ነው። መኪናው ሲፈጥን ነፋሱ የማራገቢያውን ሥራ ስለሚተካ ጉድለቱ ይሸፈናል። የቺንጋው ሁኔታ ይታያል፤ በሁለቱ መዘውሮች መካከል በአውራ ጣት ሲጫኑት ከ1 እስከ 1.5 ሳንቲሜትር ያህል ቢረግብ በብዙ ሞተሮች ደኅና ነው፤ ከዚያ በላይ ቢረግብ፣ ወይም ፊቱ እንደ መስተዋት ቢያብለጨልጭ ይንሸራተታል ማለት ነው። ይህ ምርመራ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ብቻ የሚደረግ ነው። ማራገቢያው በኤሌክትሪክ የሚዞር ከሆነ ሞተሩ ሲሞቅ መነሣቱንና ፊውዙ አለመቃጠሉን ማረጋገጥ ይገባል።

ትራክተርና የውሃ መሳቢያ ሞተር የመንገድ ነፋስ የሚባል ነገር ስለሌላቸው ዘወትር የሚኖሩት በማራገቢያ ነው። በስንዴ አጨዳ ጊዜ በአርሲና በባሌ ሜዳዎች የሚሠራ ኮምባይነር የሚዞረው በእብቅና በአቧራ ደመና ውስጥ ነው። እብቁ በራዲያተሩ ላይ እንደ ብርድ ልብስ ይነጠፍና አየሩን ይከለክላል። ስለዚህ በአጨዳ ወራት ራዲያተሩን በየቀኑ፣ አስፈላጊም ሲሆን በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ ማጽዳት የሥራው ክፍል ነው። የሚጸዳውም አየሩ ከሚገባበት ፊት ለፊት ሳይሆን ከኋላው ወደ ፊት ነው፤ አለዚያ ቆሻሻው ወደ ውስጥ ይገፋል። የኮምፕረሰር አየር ወይም ውሃ ሲረጭ ግፊቱ መጠነኛ ይሁን፤ የበረታ ግፊት ቀጫጭኖቹን ላሜራዎች አጣሞ መንገዱን ይደፍናል። ራዲያተር የሌላቸው፣ እንደ ቀድሞዎቹ የዶይትስ ትራክተሮች በአየር ብቻ የሚቀዘቅዙ ሞተሮችም ከዚህ ሕግ ውጭ አይደሉም፤ በእነርሱ የሚጸዳው በሲሊንደሩ ላይ ያለው ክንፍ መሰል ብረት ነው።

ሁለተኛ፤ ሞተሩ ባዶውን ደኅና ሆኖ ሸክም ሲበዛበት፣ ዳገት ሲወጣ ወይም ጥልቅ ሲያርስ ብቻ የሚፈላ እንደ ሆነ፣ በቅድሚያ የሚጠረጠረው የውሃው ዝውውር ነው። ራዲያተሩ በውስጡ በቅርፊት ግማሹ ቢደፈን ለቀላል ሥራ ይበቃል፤ ለከባድ ሥራ ግን አይበቃም። ይህን ለመለየት ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ ይጠፋና የራዲያተሩ ፊት በየቦታው በሙቀት መለኪያ ይለካል። በዛሬው ጊዜ ሳይነካ ሙቀትን የሚለካ በእጅ የሚያዝ መሣሪያ በየጋራዡ ይገኛል። አካባቢው ሁሉ ትኩስ ሆኖ በመካከሉ ቀዝቃዛ ቦታ ቢገኝ፣ በዚያ ቦታ ውሃ አያልፍም ማለት ነው። እንዲሁም የሞተሩ ፍጥነት ሲጨመር የታችኛው ቱቦ በፓምፑ መምጠጥ ተጨማድዶ የሚጣበቅ ከሆነ፣ ቱቦው አርጅቷል፤ መለወጥ አለበት። የፓምፑ ምላስ በዝገት ተበልቶም ሊሆን ይችላል። ከማቀዝቀዣው ውጭም ምክንያት አለ፤ የነዳጁ መርጫ ወይም የእሳቱ ጊዜ የተዛባ እንደ ሆነ፣ ፍሬን ሳይለቅ ቀርቶ የሚጎትት እንደ ሆነ፣ ወይም ጭነቱ ከተፈቀደው በላይ እንደ ሆነ ደኅናውም ራዲያተር ሙቀቱን አይችለውም።

ሦስተኛ፤ ሞተሩ ከተነሣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ወዲያው የሚፈላ እንደ ሆነ፣ ውሃው ጎድሎ እንዳይሆን አስቀድሞ ይታያል። ውሃው ሙሉ ከሆነ የሚጠረጠረው ተዘግቶ የቀረ ቴርሞስታት ነው። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ የሙቀት መለኪያው ከፍ ብሎ ሳለ ወደ ራዲያተር የሚሄደው ቱቦና ራዲያተሩ ቀዝቃዛ ሆነው ይገኛሉ። ውሃው በቅርብ ተለውጦ ከሆነ ደግሞ በውስጡ የታፈነ አየር ዝውውሩን አግዶት ሊሆን ይችላል።

ቴርሞስታት በወጥ ቤት ሊፈተን ይችላል። ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ይወጣና በድስት ውሃ ውስጥ የድስቱን ታች ሳይነካ ተንጠልጥሎ ከቴርሞሜትር ጋር ይሞቃል። በላዩ በተጻፈው ዲግሪ አካባቢ መከፈት ሊጀምር ይገባል። ይሁን እንጂ በደጋ አገር አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም፤ 88 ዲግሪ የተጻፈበት ቴርሞስታት ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው ከ10 ዲግሪ ያህል ጭማሪ በኋላ ሲሆን፣ በአስመራና በአዲስ አበባ የድስቱ ውሃ በ92 ዲግሪ ይፈላል፤ ከዚያም አያልፍም። ስለዚህ መከፈት መጀመሩን ማየት ይበቃል፤ እስከ መጨረሻው አልተከፈተም ብሎ ደኅናውን ዕቃ መጣል አይገባም።

በሞቃት አገር ቴርሞስታቱን ጨርሶ አውጥቶ መጣል የቆየ ልማድ ነው። ልማዱ ግን ጎጂ ነው። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር በሚገባው ሙቀት ስለማይሠራ ነዳጅ ያባክናል፤ ዘይቱ ይበላሻል፤ ሲሊንደሩም ቶሎ ይበላል። በብዙ ሞተሮች ደግሞ ቴርሞስታቱ ሲከፈት በጎን የሚመለሰውን አጭር መንገድ አብሮ ይዘጋል። እርሱ ሲወጣ ትኩሱ ውሃ ከፊሉ በራዲያተሩ ሳያልፍ በአጭሩ መንገድ ይመለሳል፤ ስለዚህ ይበርዳል የተባለው ሞተር ይብሱን ይፈላል።

አራተኛ፤ ከውጭ የሚንጠባጠብ ሳይታይ ውሃው በየቀኑ የሚጎድል እንደ ሆነ፣ ነገሩ ከሁሉ ይበልጥ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። መጀመሪያ ስውር የሆነው ማፍሰሻ ይፈለጋል፤ የክዳኑ ጎማ፣ ከፓምፑ ሥር ያለችው ትንሽ ቀዳዳ፣ የቱቦዎቹ መያዣ፣ በሾፌሩ ክፍል ያለው ማሞቂያ ይመረመራሉ። ሞተሩ ሲሞቅ የሚያፈስ ውሃ ወዲያው ተንኖ ስለሚጠፋ፣ የሚታየው የደረቀ ነጭ ወይም ባለ ቀለም ምልክት ነው።

እነዚህ ሁሉ ደኅና ከሆኑ የሚጠረጠረው በሞተሩ አካልና በቴስታታው መካከል ያለው ማሸጊያ፣ መካኒኮች ጓርኒሲዮን የሚሉት ነው። እርሱ ሲቃጠል የሲሊንደሩ ጋዝ ወደ ውሃው፣ ውሃውም ወደ ሲሊንደሩ ወይም ወደ ዘይቱ ይገባል። ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው፤ ቀዝቃዛው ሞተር ክዳኑ ክፍት ሆኖ ሲነሣ በራዲያተሩ አፍ ያላቋረጠ አረፋ ይታያል፤ የላይኛው ቱቦ ውሃው ገና ሳይሞቅ ይጠነክራል፤ ዘይቱ ወተት የገባበት ቡና ይመስላል፤ ከሞቀ በኋላም የማይተው ነጭ ጢስ ይወጣል። ይሁን እንጂ በደጋ ብርድ ጠዋት ጠዋት የሚታየው ነጭ እንፋሎት ሞተሩ ሲሞቅ ስለሚጠፋ የሚያሠጋ አይደለም። ነገሩን ለማረጋገጥ ጋራዦች የሚጠቀሙበት ሰማያዊ ፈሳሽ አለ፤ ከራዲያተሩ አፍ የሚወጣው አየር በፈሳሹ ውስጥ ሲሳብ የተቃጠለ ጋዝ ካለበት ፈሳሹ ወደ ቢጫነት ይለወጣል። ጓርኒሲዮኑ መቃጠሉ ከተረጋገጠ ሞተሩን ከዚያ በኋላ ማሠራት አይገባም። ጓርኒሲዮኑ ሲለወጥም የቴስታታው ፊት መጣመሙ በቀጥታ ማስመሪያ መለካት አለበት፤ አለዚያ አዲሱም ይቃጠላል።

አምስተኛ፤ መለኪያው ራሱ ሊሳሳት ይችላል። ሞተሩ ሳይፈላ መለኪያው ሁልጊዜ ከፍ ብሎ ቢታይ፣ ዕቃ ከመለወጥ በፊት ሙቀቱ በሌላ መሣሪያ ይለካል። የዚህ ተቃራኒ ግን አደገኛ ነው። ውሃው ፈጽሞ ሲጎድል የሙቀት ተቀባዩ በደረቅ ቦታ ስለሚቀር መለኪያው ዝቅ ሊል ይችላል። ሞተሩ እየተቃጠለ ሳለ ሾፌሩ «በረደልኝ» ብሎ ይደሰታል። ከፍ ብሎ የነበረ መለኪያ ያለ ምክንያት በድንገት ቢወርድ፣ ፈጥኖ ቆሞ ማየት ይገባል።

በመንገድ ወይም በእርሻ ላይ ሲፈላ

መለኪያው ከፍ ማለት ሲጀምር ሸክሙን መቀነስ፣ የአየር ማቀዝቀዣ ካለ ማጥፋት፣ ማሞቂያ ካለ እስከ መጨረሻው መክፈት ይጠቅማል፤ ማሞቂያው እንደ ትንሽ ራዲያተር ያገለግላልና። ውሃው ካልጎደለና ማራገቢያው የሚዞር ከሆነ ቆሞ ሞተሩን በሚኒሞ ጥቂት ደቂቃ ማሠራት ሙቀቱን ሊያወርደው ይችላል። እንፋሎት ከወጣ ወይም ውሃው ከፈሰሰ ግን ሞተሩ ወዲያው ይጥፋ።

ከዚህ በኋላ የመጀመሪያው ትእዛዝ ትዕግሥት ነው። የፈላ ራዲያተር ክዳን አይከፈትም። በጫና የታፈነው ውሃ ክዳኑ በተነካ ጊዜ ወደ እንፋሎት ተለውጦ ይፈናጠራል፤ ፊትን፣ ዓይንንና እጅን ያቃጥላል። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ ከተቻለም አንድ ሰዓት መጠበቅ ያስፈልጋል። የላይኛው ቱቦ ለእጅ ቀዝቅዞ ሲጫኑት ለስላሳ ከሆነ በኋላ፣ በወፍራም ጨርቅ ተይዞ ክዳኑ በቀስታ ይከፈታል። ቀዝቃዛ ውሃም በጋለ ባዶ ሞተር ላይ አይፈስበትም፤ የጋለ ብረት በድንገት ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል። የአንድ ሰዓት ጥበቃ የቴስታታን ዋጋ ያድናል፤ የሰውንም ዓይን ያድናል።

ስለሚጨመረው ውሃ

ለሰው መጠጥ የሚሆን ውሃ ሁሉ ለሞተር የሚሆን አይደለም። ኖራና ጨው የበዛበት የጉድጓድ ውሃ በሞቀ ቁጥር ቅርፊቱን በቧንቧው ውስጥ ይተዋል፤ እንደ ቆየ ማንቆርቆሪያ ውስጡን ይለብጠዋል። የባሕር ውሃማ ብረቱን ስለሚበላ ጨርሶ አይሞከርም። የተጣራ ውሃ ከሌለ በንጹሕ ዕቃ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ከጉድጓዱ ይመረጣል።

ከውሃው ጋር የሚደባለቀው ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ለውርጭ አገር ብቻ የተሠራ የሚመስለው ሰው አለ። እንዲህ አይደለም። በውስጡ ያለው መድኃኒት ብረቱን ከዝገት ይጠብቃል፤ ግማሽ በግማሽ ሲደባለቅም የመፍያውን ሙቀት ከፍ ያደርጋል። በከባድ የናፍጣ ሞተሮች ደግሞ ውሃው የሲሊንደሩን ሸሚዝ በቀጥታ በሚነካበት ቦታ፣ ሸሚዙ በሥራ ሲርገበገብ የሚፈጠሩት ጥቃቅን አረፋዎች ብረቱን ከውጭ እየበሱ ይበሉታል። ከዚህ የሚከላከለውም በፈሳሹ ውስጥ ያለው መድኃኒት ነው። ልዩ ልዩ ዓይነት ፈሳሾችን መደባለቅ አይገባም፤ የሚለወጥበትም ጊዜ በሞተሩ መጽሐፍ እንደ ተጻፈው ይሁን።

ለገበሬው ቤት የሚያሻ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። በብዙዎቹ ፈሳሾች ውስጥ ያለው ኤቲሊን ግላይኮል ጣፋጭ መርዝ ነው። ውሻና የቀንድ ከብት ጣፋጭነቱ ስቧቸው ይጠጡታል፤ ይሞቱበታልም። ሕፃናትም ከዚሁ አደጋ ውጭ አይደሉም። ስለዚህ ከሞተር የወጣ ፈሳሽ በግቢ ወይም በውሃ ማጠጫ አጠገብ አይደፋም፤ በመጠጥ ጠርሙስ ውስጥም አይቀመጥም።

የምርመራው ቅደም ተከተል

ከዚህ በላይ ከተነገረው አንድ ሥርዓት ይወጣል፤ ምርመራ ዋጋ ከሌለው ወደ ውዱ ይሄዳል። በመጀመሪያ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ የውሃው መጠን ይታያል። ቀጥሎ ቺንጋው፣ የራዲያተሩ ፊት፣ ቱቦዎቹና የፓምፑ ሥር ይመረመራሉ። እነዚህ ከዓይንና ከእጅ በቀር ምንም አይጠይቁም። ሦስተኛ፣ ክዳኑ ይፈተናል ወይም በአዲስ ይለወጣል። አራተኛ፣ ቴርሞስታቱ ይፈተናል። አምስተኛ፣ የራዲያተሩ ውስጥ ይለካል፣ ይታጠባል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ብቻ ፓምፑ ይፈታል፤ የጋዝ ምልክት ከተገኘም ቴስታታው ይወርዳል። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥም መልካም ነው፤ ብዙ ዕቃ አብሮ ከተለወጠ ጥፋተኛው የትኛው እንደ ነበረ ሳይታወቅ ይቀራል።

ለዚህ ሁሉ ረዳት የሚሆነው አንድ ትንሽ ደብተር ነው። በየቀኑ ስንት ሊትር ውሃ እንደ ተጨመረ፣ ሞተሩ በስንት ሰዓት፣ በምን ሥራና በምን ቦታ እንደ ሞቀ ይጻፍበት። በአንድ ትራክተር ላይ ሁለትና ሦስት ሾፌር የሚፈራረቅበት የኅብረት እርሻ ከሆነማ ደብተሩ የግድ ነው። አንዱ ሾፌር ጠዋት አንድ ሊትር፣ ሌላው ማታ አንድ ሊትር እየጨመረ፣ ሁለቱም ትንሽ ነገር ነው ብለው ዝም ይላሉ። በደብተሩ ላይ ሲደመር ግን በሳምንት 14 ሊትር ይሆናል፤ 14 ሊትር ውሃ ደግሞ ያለ ምክንያት አይጠፋም። መካኒኩም ዘንድ ደብተር ይዞ የሚሄድ ባለንብረት በግምት ዕቃ አይለወጥበትም።

አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። በሚፈላ ሞተር ላይ ሳይመረምሩ ውሃ መጨመር በሽታውን መደበቅ ነው። የላላ ቺንጋ ማጥበቅ ጥቂት ደቂቃ ይወስዳል፤ የተጣመመ ቴስታታ ግን የአጨዳውን ወር ይወስዳል። ስለዚህ ሞተሩ መጀመሪያ በሞቀበት ቀን «መቼ ሞቀ?» ብሎ መጠየቅና ሳይቃጠል በቅጠል ማለት፣ ለሾፌሩም ለባለንብረቱም የሚገባ ጥንቃቄ ነው።